ጣራ ላይ የወጣው ወንድምህ

አዲስ አበባ ላለኸው ዋርሳዬ ለሐብተማርያም፣ ሰላምታዬ እዚህ አሜሪካ ከተማችንን አፕል ቫሊን ከሸፈናት በረዶ ይብዛልህ።

እኛ ደህና ነን። ባሌ ተብዬው ወንድምህ ብቻ ጣራችን ላይ ሶላር አስገጥሞ ሊቅ ነኝ ብሏል። ዕድሜውን በታክሲ ጭስ ጨርሶ፣ ዛሬ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ዓለምን ከሙቀት አድናለሁ ይላል፤ የራሱን ጆሮ ከብርድ ያላዳነ! የገጠሙለት ሰዎች በረዶው በራሱ ይንሸራተታል ቢሉትም መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ጠርጎ ይወርድና ሻዩን ሳይጨርስ እንደገና ይወጣል። «አሁን ጠረግኸው እኮ» ስለው፣ «መቼ?» ብሎ ይቆጣኛል።

ትናንት ጣራ ላይ ሆኖ፣ «ሐብቴ፣ መሰላሉን ያዝ እንጂ!» ብሎ ወደ ታች ተጣራ። አንተን ነው። እኔው ያዝኩለት።

በል፣ እመብርሃን ከነቤተሰብህ አትለይህ። ስትደውልለት ግን፣ «ይዤልሃለሁ፣ ውረድ» በለው።

ሮማነወርቅ