የቢያዝን ልቅሶ

ጎንደር፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለአንድ ልጄ ለበላቸው፤ አስመራ።

እንደምን ከረምህ፣ የዓይኔ ብሌን? እኔ ደኅና ነኝ፤ ግንባሬን የፈነከተኝ የድንጋይ ቁስል መጠገግ ጀምሯል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ የዛሬውን ጉዳይ ለደብዳቤ ጸሐፊ አፌን ሞልቼ የምናገረው አይደለም። ከሁሉ በፊት ይህን ስማኝ፦ ማንም ምን ብሎ ቢልክብህ ወደ ጎንደር እንዳትመጣ። የወልደኢየሱስ ልጆች ከእንፍራንዝ መጥተው ማኪና መውረጃው ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት አንተን ነው።

የእናትህን የሲኒማ ነገር ከሰው አፍ ሰምተሃል እንጂ ከእኔ አልሰማህም። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጣሊያኖች ከግንቡ ሥር እንስራ አሸክመው፣ ለአንድ መኮንን ሳቂ ብለው በካሜራ አነሡኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም ጨመርሁ፣ ስሜም እስከ አስመራ ተጠራ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። አገሬው ግን ሲኒማ አይቶ አያውቅምና በሸራው ላይ ያየውን ሁሉ እውነት ነው አለ። በዚያው ዓመት አጎትህ ቢያዝን ኮላ ድባ ጤፉን ሲያበራይ በጥይት ተመታ። ልጁ ክንዱ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ከአባቱ ሬሳ አጠገብ፣ ደም በነካው ገለባ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። የባንዳ ወንድም አይለቀስለትም ተብሎ አንድ ሰው እንኳ ለቀብሩ አልመጣም። ነጻነት ሲመጣ ደግሞ እኔን ገበያ መሃል ራሴን ላጭተው ገረፉኝ። ሃያ ዓመት ድምፄን ውጬ፣ ጠጅ እየጣልሁ ሁለታችሁን አሳደግሁ።

ዘንድሮ መምህር አላምረው ለሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ቴአትር አዘጋጀና፣ አርበኛ ልጇ የሞተባትን እናት ሁኚልኝ ብሎ ለመነኝ። ሟቹን ልጅ የሚሠራው ክንዱ ነበር። ከተማው ተተራመሰ። ጣራዬ በድንጋይ ተቀጠቀጠ፣ ውሻዬን አርደው ደጄ ላይ ጣሉት። ከሁሉ የባሰው አያ ወልደኢየሱስ ነበር፤ ሜዳይ የደረደረው ሽማግሌ አርበኛ። ያቺ የአርበኛ እናት ከሆነች እኔ ቀሚስ እለብሳለሁ ብሎ አደባባይ ላይ ፎከረ። ቢያዝንን የገደለው እሱ ነው። በጭምጭምታ ካልሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ጠጅ ሻጭ ነኝ፣ ጓደኞቹም ቤቴ ይጠጣሉ።

ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሹ ጢም አለ። ክንዱ ቃሬዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ጎራዴ ደረቱ ላይ ተጋድሟል። መምህሩ የጻፈልኝን የልቅሶ ግጥም ጀመርሁ። ሕዝቡ ያፏጫል፣ ብርቱካን ይወረውራል፤ በመጨረሻ ድንጋዩ መጣና ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያኔ የመምህሩ ግጥም ከአፌ ጠፋና የአገሬ ወጣ፦

ጤፉ ተበራየ፣ ምርቱም ተሰፈረ፣
የቢያዝን ደም ብቻ አውድማው ላይ ቀረ።

 ሴቶች ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። በአገራችን ልቅሶ ሟች ከተጠራ በኋላ ገዳይ ይጠራል፤ እኔም ቀጠልሁ፦

ገዳይህ ወንድ ቢሆን ስሙን በነገረኝ፣
እንዲህ ሃያ ዓመት ባላንከራተተኝ።

ይህን ሰምቶ የሚቀመጥ ወንድ በጌምድር ውስጥ የለም። አያ ወልደኢየሱስ ከፊተኛው ወንበር ተነሣ፣ ሽጉጡን ወደ ጣራው ተኮሰና፣ «እኔ ነኝ፤ የሐብተ ማርያም ልጅ! እንደ ውሻ የጣልሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሬሳው ተነሣ፣ ልጄ። ክንዱ ከቃሬዛው ዘሎ ወረደ፣ ሽማግሌው ሽጉጡን ሳይመልስ አንገቱን በጎራዴው አለው። ደሙ የፊቱን ወንበሮች ሁሉ አለበሰ። ሰው በመስኮት ሲዘል እግሩ ተሰበረ፣ ሴቶች በበሩ ተረጋገጡ። ክንዱ አልሸሸም። እስር ቤት ስንቅ ባደርስለት እጄን ስሞ፣ «እቴቴ፣ አባቴን ሸጋ አድርገሽ አለቀስሽለት» አለኝ። ይህ ቃል ይቅርታ ይሁን ቅጣት አላውቅም፤ እንቅልፍ ግን ነሥቶኛል።

የሟች ልጆች፣ ጎራዴውን ያነሣው ክንዱ ቢሆንም ያስነሣችው እሷ ናት ይላሉ። ሽማግሎች በመሃል ገቡና እንዲህ ፈረዱ፦ እሁድ ባታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መስቀል ጨብጬ፣ አፌን አዳልጦኝ ነው፣ አስቤበት አይደለም ብዬ ከማልሁ ነገሩ በመንግሥት ፍርድ ያልቃል። ካልማልሁ ደሙ በቤቴ ነው፤ ቤቴ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።

ሽማግሎቹ ብዙ ጠየቁኝ። መምህሩ ያስጠረበውን የእንጨት ጎራዴ ጥዬ የቢያዝንን ጎራዴ ከሣጥኔ ለምን እንዳወጣሁ ግን አልጠየቁኝም። ለአያ ወልደኢየሱስ ከአንድ ብርሌ ጠጅ ጋር የክብር ወንበር ይዘንልሃል ብሎ የላከለት ማን እንደሆነም አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ገብርኤል ግን ዓይኔን አይተው፣ «በሐሰት ከማልሽ የምትጠፋው ነፍስሽ ናት» አሉኝ። «ልጄስ?» አልኋቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

እሁድ እምላለሁ። ወሬው ሲደርስህ አንተም እንደ ሰው ሁሉ እመነኝ፣ በደብዳቤም አትጠይቀኝ። ሥራህን ያዝ፣ እዚያው አግባ፣ እዚያው ውለድ።

የባታ እመቤት በወጣህበት ትውጣ፣ በገባህበት ትግባ። ከእሁድ በኋላ እሷን የምለምንበት ፊት ስለማይኖረኝ፣ የዕድሜ ልክህን ዛሬውኑ ለምኜልሃለሁ።

እናትህ
ሸዋአየሁ