ማዳመጫሽን በአውቶቡስ አልልክም

ሱሉልታ፣ መጋቢት 2009 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ጣቢታ፣

ከሱሉልታ ብርድ የወጣ ሰላምታ ሆሳዕና እስኪደርስ ይሞቃል ብዬ አምናለሁ። እናትሽንና ወንድምሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ፤ ፈረሱም ደህና ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ጓደኛሽ ድንቅቱ «አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩት ስሸመግል ለሰው ላስጽፍ አይደለም። ፊደሉ ቢንጋደድም ቃሉ የኔ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ድንቅቱ እሑድ ከጸሎታችሁ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመች። አብራችሁ ፋብሪካ ስትሠሩ እንዲያ ለፍላፊ የነበረችው ልጅ ዓይኔን ማየት አቅቷት፣ «ጣቢታ ስቴቶስኮፑን በሆሳዕና አውቶቡስ ይላኩልኝ ብላለች። ልትሸጠው ነው። ነርስነቱን ትታዋለች፤ ከወንድሟ ጋር ሱቅ ልትሠራ ነው» አለችኝ።

አልልክም።

ይላክልኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ ነው መጀመሪያ ይህን የጻፍኩልሽ። ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

ያንን የደረት ማዳመጫ (የፈረንጁ ስም ምላሴን ያስረዋል) እንዴት እንደመረጥሽው አንቺ ረስተሽ ከሆነ እኔ አልረሳሁም። መምህራችሁ የራሱ ማዳመጫ የሌለው ተማሪ ለልምምድ ሆስፒታል አይገባም አላችሁ። እኔ ጋ ተከራይተሽ፣ ማታ ፋብሪካ ጠርሙስ ስትደረድሪ እያደርሽ፣ ቀን ትምህርት ስትማሪ እየዋልሽ ያጠራቀምሽውን በመሐረብ ቋጥረሽ ተነሣሽ። ዕቃ መግዛት የኔ ሥራ ነው፣ ፈረስ ገዝቼ ተታልዬ አላውቅም ብዬ ተከተልኩሽ። አብሬሽ ባልሄድ ኖሮ ስላንቺ ያወቅኩት ብዙ ነገር ይቀርብኝ ነበር።

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለው፣ የሱፍ የሚባለው የሕክምና ዕቃ ሻጭ የሚያብረቀርቅ ቀይ አውጥቶ «እህቴ፣ ዶክተሮቹ የሚወስዱት ይሄንን ነው» አለሽ። እኔም አንስቼ መዘንኩትና «ይሄን ውሰጂ፤ ከበድ ያለ ዕቃ አያታልልም» አልኩሽ። አንቺ ሁለታችንንም ሰማሽን። ከዚያ «አባባ፣ እስቲ እዚህች ላይ ቁጭ ይበሉልኝ» ብለሽ የኮቴን ቁልፍ ፈታሽ። ከሚስቴ ከገለቴ በቀር ደረቴን ያየች ሴት አልነበረችም፤ ነፍሷን ይማርና እዚያ ብትኖር ኖሮ ስቃ አትጨርስም ነበር።

የሱፍ ጸጥ እንዲልልሽ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

«አይዝጉት» አልሽው። «ሬዲዮውንም ከፍ ያድርጉልኝ።»

«እንዴት ትሰሚያለሽ ታዲያ?»

«ሆስፒታል ውስጥ ማን ዝም ይልልኛል?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለና ሬዲዮውን ጮክ አደረገው። አንቺ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ደረቴ ላይ፣ እዚያው አንዷ ቦታ ላይ እያስቀመጥሽ አዳመጥሽ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በጣትሽ ጫን እያልሽ ልስላሴውን አየሽ፤ ወደ አፍንጫ ዘንበል ማለቱንም አየሽ። ደረት ላይ የሚያርፈውን ጭንቅላቱን ከሰፊው ፊት ወደ ጠባቡ አዞርሽ። ቱቦውን አጥፈሽ ስንጥቅ ፈለግሽ። እኔ የፈረስ ጥርስ የማየው እንደዚያ ነው፤ አፌን ይዤ አየሁሽ። በመጨረሻ ተራውን ጥቁር አነሣሽ።

«ሳጥኑ የተጨፈለቀውን?» አለሽ የሱፍ።

«ሳጥኑን በሽተኛ ደረት ላይ አላደርገው» አልሽው።

ስንወጣ «ልቤ እንዴት ነው ታዲያ?» ብዬ ብጠይቅሽ «ግትር ነው» አልሽኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፊት ለፊት እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ፤ ግን አልነገርኩሽም።

የቅቤውን ነገር ደግሞ እኔው ላንሣው፤ ድንቅቱ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው ሁሉ አውርታ እያሳቀችብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ማዳመጫውን በአልኮል ጠርገሽ ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ወጣሽ። ሳየው ቱቦው ደርቆ አመድ መስሏል። እኔ ዕድሜ ልኬን ልጓምና የጋሪ ጠፍር ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠፍር ካላሹት ይሰነጠቃል። ለፈረሱ ዕቃ ሞራ ይበቃል፤ ላንቺ ግን ለጋ ቅቤ አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አሸሁትና እንዲጠጣው ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት።

ስትመጪ እጅሽ ላይ ተሙለጨለጨ። አሸተትሽው።

«አባባ፣ ምን አደረጉት?»

«አሸሁት።»

«በምን?»

«በቅቤ ነዋ። ጠፍር በውሃ ይታሻል እንዴ?»

ልታለቅሺ ነው ብዬ ነበር። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጭ አልሽና እስኪያልብሽ ሳቅሽ። ከዚያ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ስትጠርጊው አመሸሽ። «አባባ፣ ይሄኮ ቆዳ አይደለም፤ ጎማ ነው። ቅባት ይበላዋል። የአንገት ወዝ እንኳ ስለሚጎዳው ነው ከሸሚዛችን በላይ አድርጉት የሚሉን» አልሽኝ። ሰኞ ሆስፒታል ስትገቢ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ደረታቸውን ገልጠው «ልጄ፣ ቅቤ የሚነጠረው የት ነው?» አሉሽ፤ መምህሩ ሳይቀር ሳቀ ብለሽ ነገርሽኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃዬን ያበላሻል ብሎ ቤቴን ይለቅ ነበር። አንቺ ግን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አያያዙን አስተማርሽኝ። የጆሮውን ጫፍ ፈትቶ ማጽዳት፣ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲያልፉ ጭንቅላቱን በአልኮል መጥረግ፣ ቱቦውን ሰብሮ አለማጠፍ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ማራቅ። እኔ እስከ ዛሬ ቅቤ የጎዳው ነገር አላውቅም። ስላንቺ ስል ግን ትቻለሁ።

እነዚህ ግን ተማሪ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። ነርስነትሽን ያየሁት አምና ታኅሣሥ ላይ ነው።

ማስተር ፕላን የሚሉት መሬታችንን ለከተማው ሊሰጥብን ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ሰበታም ቡራዩም መንገዱ ተዘጋ፤ እኛም ጋ አስፋልቱ በድንጋይ ታጠረ። አልዋሽሽም፣ በልቤ ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። ለኔም ከአባቴ የቀረችኝ ማሳ አለች። ያን ቀን ጠዋት ጎረቤታችን አትክልት ጨቅላዋን ታቅፋ እየሮጠች ግቢያችን ገባች። ሌሊቱን ሲያስለው አድሯል። «የሚቃጠለው ጎማ ጭስ ነው፤ ጤና አዳም አፍንጫው ላይ አድርጊለት» አልኳት።

አንቺ ከፋብሪካ ገና መግባትሽ ነበር። የማዳመጫውን ጭንቅላት መጀመሪያ በመዳፍሽ ይዘሽ አሞቅሽው፤ ቅዝቃዜው ልጁን እንዳያስደነግጠው ነው። ከዚያ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ብብቱ ሥር አዳመጥሽ። አትክልት «ምን ሆኖ ነው?» ስትልሽ እንደገና አዳመጥሽ።

«በግራው በኩል ደረቅ ገለባ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ» አልሽ። «ሳንባው ነው። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ማከም አልችልም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።»

እዚህ ላይ ነው ያከበርኩሽ። የማትችይውን አልችልም አልሽ፤ የምታውቂውን ደግሞ ለመናገር አልፈራሽም። እኔ በዕድሜዬ ሁለቱን ባንድ አፍ የሚል ሰው ብዙ አላየሁም።

ጋሪውን ጠመድኩና አትክልትን ከነልጇ፣ አንቺንም አሳፈርኩ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል። ከፊት ያለው ጂሬኛ ነው፤ አባቱ ወዳጄ ነው።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ዛሬ ጋሪም አያልፍም» አለኝ።

«አባትህ እንኳ እኔን መንገድ ላይ አቁሞኝ አያውቅም።»

«ዛሬ አባቴም ቢመጣ አያልፍም።»

ከኋላው አንዱ አንቺን አይቶ «እሷስ? የፋብሪካዎቹ ሰው አይደለችም እንዴ?» አለ። ደሜ ፈላ፤ ጅራፌን ጨበጥኩ። በዚያች ሰዓት ጅራፉን አንስቼ ቢሆን ኖሮ ሕፃኑም እኛም እዚያው እንቀር ነበር። አንቺ ግን ከጋሪው ወረድሽና ጂሬኛ ፊት ቆምሽ። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛሽ «ዳኢመ፣ ዳኢመ» አልሽው፤ ሕፃን ነው፣ ሕፃን። ማዳመጫውን ከአንገትሽ አውልቀሽ የሱ ጆሮ ውስጥ ከተትሽ። ጭንቅላቱን ሕፃኑ ቀኝ ጀርባ ላይ አድርገሽ «ይሄ ደህናው ነው» አልሽው። ወደ ግራ አዛወርሽና «አሁን ይሄንን ስማ» አልሽው።

ዙሪያው እየጮኸ እሱ ቆሞ ሰማ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከጆሮው አውልቆ በሁለት እጁ መለሰልሽ፣ ወደ ጓደኞቹም ዞሮ «ዲሳ፣ ሃ ደርበን» አለ፤ ተዉ፣ ይለፉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ከፈረሱ ፊት ፊት እየሮጠ ድንጋዩን ሲያንከባልልልን ነበር። ሕፃኑ ዳነ። ዛሬ ድክ ድክ ይላል፤ ትናንት የፈረሱን ጭራ ሊይዝ ሲል ጮኼበት አስለቅሼዋለሁ።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ የፋብሪካው መኪኖች ሲቃጠሉና በሩ ሲዘጋ፣ ያ ታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው «ወደ አገርሽ ሂጂ» ሲልሽ፣ እኔ አጠገብሽ አልነበርኩም። ወንድምሽ መጥቶ ወሰደሽ። ፍርሃትሽን አልንቅም። «መንገድ ላይ ፍተሻ አለ ይባላል፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» ብለሽ ማዳመጫውን ሰጠሽኝ። የገለቴ ሙዳይ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ላላ አድርጌ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ያቺን ሙዳይ ለልጆቻችን እንኳ አልሰጠሁም። በየቅዳሜው አወጣዋለሁ፤ አንቺ ባሳየሽኝ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ እከድነዋለሁ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እንዲበላው፣ ድንች ከረጢት ሥር እንዲታጠፍ የምልከው ይመስልሻል?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮሌጅሽ ሄጄ ነበር። አትቆጪኝ። ማሪቱ የምትባል የመዝገብ ቤት ሴት አገኘሁ። መጀመሪያ «አባት፣ ተማሪዋ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። «ተማሪዋ እስክትመጣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» ብዬ በሯ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ደርሳ ስትመለስ እዚያው ነበርኩ። በመጨረሻ ስቃ አስገባችኝና መዝገብሽን አየችው። የቀረሽ የመጨረሻው የሆስፒታል ልምምድና ፈተናው ብቻ ነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ራስሽ ከቀረብሽ ትጨርሺያለሽ፤ ካልቀረብሽ ስምሽ ይሰረዛል። ድንቅቱ ይህን ልንገራት ብትለኝ ከለከልኳት። እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

ክፍልሽን አላከራየሁም። እዚህ ክፉ የሚናገርሽ አይኖርም ብዬ አልምልልሽም፤ የሰው አፍ ልጓም የለውም። ጂሬኛ ግን ባገኘኝ ቁጥር «ነርሷ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኛል። አንቺን ነርስ ብሎ የጠራሽ እሱ ነው፤ ኮሌጁ ገና አላለሽም። ሱቅ መሥራት ነውር አይደለም። ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ሰው ግን ሆሳዕናም ሱሉልታም ሞልቷል።

እንግዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ዕቃው ያንቺ ነው፤ የሰውን ዕቃ ይዞ ማስቀረት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ፋሲካን ውዬ በማግስቱ እነሣለሁ፤ ፈረሱን ለጂሬኛ አደራ ሰጥቻለሁ። ወደ ደቡብ ከሰበታ አልፌ ባላውቅም አፍ እያለኝ አልጠፋም። ማዳመጫሽን በእጄ ይዤ መጥቼ እናትሽ ፊት እሰጥሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ብትሸጪውም አንገትሽ ላይ ብታንጠለጥይውም የሚያዝዝሽ የለም፤ እኔም አንድ ቃል አልናገርም።

የመመለሻውን ቲኬት ግን የሁለት ሰው ነው የምቆርጠው። እምቢ ብትይ አልቆጣም። ባንቺ ወንበር ላይ ግን ሌላ ሰው አላስቀምጥም፤ ረዳቱ ቢጮኽብኝም፣ ሕዝቡ ቆሞ ቢሄድም፣ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ባዶውን ከጎኔ ይመጣል።

አክባሪሽ፣
ቀጄላ ዱቤ