ሁለተኛ የማይገኝ ፊት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ አለሁ፤ ቤቱም እንዳለ አለ። ይህን ፖስታ የሚሰጥህ የአንተን ሕይወትና ሥራ በፊልም አወጣለሁ ብሎ አገር ለአገር የሚዞረው ቀጭኑ ሰውዬ ነው። "ወንድምሽ ካሜራ ፊት የሚያነበው ደብዳቤ ጻፊለት፤ ሞቅ ያለ ይሁን" አለኝ። እሺ አልኩት። አንተ እስክትከፍተው ድረስ እንዳያየው ብቻ አስማልኩት። እንግዲህ አሁን ካሜራው በርቷል ማለት ነው። ጮክ ብለህ አንብበው፤ እንደ ልጅነትህ ቃል እየዋጥክ አታበላሽብኝ።

የምጽፍልህ ሳሎን ተቀምጬ ነው። ቤቱ ከጎረቤት በተዋስኳቸው ወንበሮች ተጣቧል፤ ገና አልመለስኳቸውም። ቀጭኑም ትናንት ሲመጣ ካንዱ ላይ ነው የተቀመጠው። እናትሽስ ሲለኝ "ተኝታለች" አልኩት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጨዋ ሰው ነው፣ ምን ይወጣለታል።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ፊልምህ ጠይቆኝ ነበር። ያቺ የምታለቅሰው ልጅ አንቺ ነሽ ወይ፣ እንዴት አድርጎ ነው እንደዚያ ያስለቀሰሽ አለኝ። ነገርኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቀህ "አባዬን መኪና ገጨው፤ ሞተ" አልከኝ። ጓደኛህ መስኮት ጀርባ ካሜራ ደግኖ ነበር። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ፊቴን ስሸፍን እጅሽን አውርጂ አልከኝ፤ እኔ ሞኟ አወረድኩ። እውነቱን እስከ ማታ አልነገርከኝም፤ ለካ ጀንበር ስትጠልቅም የሚቀረጽ ነበረህ። አባዬ ከሥራ ሲገባ ሳየው ከሱ ሸሽቼ አልጋ ሥር ገባሁ። አንተ ግን "ተዋናይ ይዋሻል፤ የተዋሸ ሰው ፊት ግን አይዋሽም" እያልክ ለጓደኛህ ታስረዳ ነበር።

ፊልሙን ከለከሉት፣ አንተ ተሰደድክ፣ የኔ ፊት በሰው አገር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባዬ የእውነት ሲሞት እንባ የሚባል አልመጣልኝም። ማታ ይገባል ብዬ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ድንጋይ ናት አለኝ፤ አንተ ይህን አልሰማህም።

ቀጭኑ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እግዜር ያሳይህ፣ በማግስቱ ያንኑ እማዬ ላይ ሠራው።

እኔ መድኃኒት ቤት ሥራዬ ላይ ነበርኩ። "ልጅዎ ተፈቅዶለታል፤ ዛሬ ይመጣል" ብሏታል። ያቺ ጉልበቴን ጉልበቴን ስትል የምትውል ሴትዮ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቆማ ስትጠብቅህ አረፈደች። ለምሳ ስመጣ ካሜራው ኮሪደሩ ላይ ተተክሏል፤ እኔን ከነቦርሳዬ ግድግዳ አስጠግተው ዝም በይ አሉኝ። በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ድምፅ ቀጂው ማይክሮፎኑን ይዞ ቆሟል። እሱን አየችው፤ ከዚያ በትከሻው በኩል አሻግራ ደረጃውን አየች።

"ከኋላህ ነው ልጄ?" አለችው።

ቀጭኑ በደስታ ሊሞት ምንም አልቀረው። ጮኼ ስመጣበት ስልኩን አውጥቶ የላክህለትን መልእክት አሰማኝ። ድምፁ የአንተ ነው። "እውነቱን እንዳትነግሯት። በአንድ ጊዜ ይያዝ፤ እንዲህ ያለ ፊት ሁለተኛ አይገኝም።" ወንድም ጋሼ፣ ለእሷ ስትደውል እንኳ እንዲህ ጥርት አድርገህ ተናግረህ አታውቅም።

ለፊልም ብለው ነው ብላት አላመነችኝም። ልጄ መጥቶ ነበር፤ ደረጃው ላይ መልሰውታል አለች። ቀሚሷን አላወልቅም ብላ በየቀኑ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር፤ ምሳዋንም እዚያው አቀብላታለሁ። ምን አጥፍቶ ነው የመለሱት ትለኛለች፤ ምን ልበላት? ባለፈው ሳምንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ልፈልገው ብላ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች። ዘበኛው ከታች ወድቃ አገኛት።

እማዬ ሞታለች።

አሁን ቀና በል። እጅህን አውርድ።

እውነቷን ይሆን ውሸቷን እያልክ ይሆናል። ብትደውል ስልኬ ዝግ ነው፤ መጥተህ እንዳታይ አገሩ ላንተ ዝግ ነው። እኔን እስከ ማታ አቆይተኸኝ የለ? አንተም እስከ ማታ ቆይ። ካልቻልክ ግን ያስተማርከኝ ነገር አለ፤ ካሜራው በሚያየው ፍሬም ውስጥ፣ ያለ ምክንያት የሚገባ ዕቃ የለም ትለኝ ነበር። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስና ወንበሮቹን እያቸው። ነገ ለየባለቤታቸው እመልሳቸዋለሁ፤ የሚያስተዛዝን ሰው መምጣቱን አቁሟል።

እሷ ብትኖር ትመርቅህ ነበር፤ በሷ ምትክ እኔ ልመርቅህ። እግዜር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ እሷ በሩን ስትከፍት የነበረውን ፊቷን ደጋግመህ የምታይበት።

ፊቷን የወሰድክባት
እህትህ