ለእንግዳ የተሠራ በር

ውድ አጸደ፣

ወደ እኛ የሚያመጣሽን ቪዛ ይዘሽ «እልልልል!» እያልሽ የላክሽልኝን ድምፅ ሥራ ቦታ ብከፍተው፣ የምንከባከባቸውን አዛውንቶች በሙሉ አስደነገጥሽብኝ። እኔም በድምፅ ልመልስልሽ ነበር። ግን አሁን ማንበብ ችለሻል አይደል? ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ፎቶ አንስቼ እልከዋለሁ። ማንም እንዳያነብልሽ፣ ራስሽ አንብቢው።

በዚያው ድምፅ ላይ «ልዕልቴ፣ የጀራሹ ድንጋይ እውነቱን ነበር!» አልሽ። ስለዚያ ድንጋይ የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሁለታችንም አማን ከተማ ሰው ቤት ስንሠራ፣ አንድ አርብ እረፍት አግኝተን በሚኒባስ ጀራሽ ሄድን። ያን የሚያክል የሮማውያን ከተማ! ትልቁ በር ጋ ስንደርስ ጽሑፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ እየዳሰስሽ «ምን ይላል?» አልሽኝ። ያኔ ከቤት የሚመጣልሽን ደብዳቤ፣ የመድኃኒትሽን ብልቃጥ ሳይቀር የማነብልሽ እኔ ነበርኩ። ተኮፍሼልሽ ስለነበር አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። «በዚህ በር አብረው የገቡ ተለያይተው አይቀሩም ይላል» አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ድንጋዩን ሳምሽው!

ዋሽቼሻለሁ፣ አጸዬ። አንድ ፊደል እንኳ አላውቅም ነበር። ግሪክኛ መሆኑን ራሱ የሰማሁት በቀደም ነው። በከፋሽ ቁጥር «ድንጋዩ ብሏል» ስትዪኝ፣ እኔም «አዎ፣ ብሏል» ስልሽ ኖርኩ። አይ እኔ! ይቅር በዪኝ። ያልተለያየነው አንቺ በየአርቡ ሳትሰለቺ ስለደወልሽ ነው።

ጭንቅ ሲለኝ፣ እንግልውድ እምሠራበት የአዛውንቶች ቤት ላሉ ሚስተር ሃዋርድ ለሚባሉ ጡረተኛ የታሪክ አስተማሪ የዚያን ቀን ፎቷችንን አሳየኋቸው። «ይሄን በር አውቀዋለሁ!» ብለው ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሃድሪያን ሊጎበኛቸው ሲመጣ የከተማው ሰዎች ለአቀባበሉ የሠሩት ነው አሉኝ፤ ጽሑፉም ለእሱ ደኅንነት የሚለምን። እስቲ አስቢው፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ለአንድ እንግዳ!

«ታዲያ የኔዋ እንግዳ ምን አነሳት?» ብዬ ቅዳሜ ሃቫና ስትሪት ካለ ሱቅ ባዶ የፍሪጅ ካርቶኖች ለምኜ አመጣሁ። አሁን ሰፈራችን ሞንትቤሎ፣ የቤታችን ጋራዥ ውስጥ ልክ እንደዚያኛው ባለ ሦስት ቅስት በር ቆሟል። ባለቤቴ ምናሉ መኪናውን በረዶ ላይ ፓርክ እያደረገ «ለእናቴ እንኳ እንዲህ አልሠራሽም» ብሎ ያጉረመርማል። ትናንት ግን ተደብቆ ቀለም ሲቀባ ያዝኩት። ልጄ ሔቨን ደግሞ ራቅ ብላ አየችውና «ማሚ፣ ኢትስ ክሩክድ!» አለችኝ። ቢጣመምስ! አንቺን ካስገባ ይበቃኛል።

ስለ ውሸቴ መቆጣት ከፈለግሽም መጥተሽ ተቆጪኝ፤ እዚያ ሆነሽ እንዳታኮርፊኝ። «ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፣ አላስቸግራችሁም» ያልሽውን ደግሞ እንዳልሰማሁ ቁጠሪው። ክፍልሽ ውስጥ አልጋሽ ተነጥፏል።

የመጣሽ ቀን በሩን ደጃችን ላይ እንተክለዋለን። እንደ ድሮው ቆመሽ «ምን ይላል?» እንዳትዪኝ፣ አልነግርሽም። ከላይ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ሻንጣሽን አስቀምጪና፣ ጮክ ብለሽ፣ አንቺ ታነቢልናለሽ።

ያችው ውሸታም አንባቢሽ፣
ልዕልት