ቢጫ ዱቄት

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
መጋቢት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት? የፍቼ ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ።

ልጅዎ መዝገቡ ተመልሶ ሆስፒታል ገብቷል። የተሰፋው ጀርባው መግል ቋጥሮ እንደገና ተከፈተ። ሽታውን ምን ብዬ ልንገርዎ! ቤቱን በበረኪና ባጥበው፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ባሰጣው አልለቅ አለ። እንጀራ ስቆርስ ይመጣብኛል። የምጸየፈው ግን ባሌን አይደለም።

መጀመሪያ ከሆስፒታል ስናወጣው ዶክተሩ ለእርስዎም ለእኔም ነግሮን ነበር። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚከላከለው መርፌ ጀርባው ከመቀደዱ በፊት ተሰጥቶታል፣ ሥራውን ጨርሷል፣ ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ፋሻውንም ከሆስፒታሉ ሰው በቀር ማንም እንዳይነካው አለን። እርስዎ አዲሱ ገበያ እስክንደርስ አጉረመረሙ። ለእነማን ልጅ ቢሆን መድኃኒቱን በከረጢት ይሰጡት እንደነበር ያሉትን እዚህ አልደግመውም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃሉ።

ስኳር እንዳይከለክሉኝ ብዬ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ የዋልኩ ዕለት፣ ቤት የቀራችሁት እርስዎና እሱ ብቻ ነበራችሁ።

አሁን ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታው ከመግሉ ጋር የተቦካ ቢጫ ዱቄት አገኘ። የቴትራሳይክሊን እንክብል ተከፍቶ ተነስንሶበታል፤ ሰፈሩ ሁሉ የተላጠ ጉልበት ላይ እንደሚያደርገው! ከጭነት መኪና ወድቆ የተሰበረ አከርካሪ እኮ ነው! ዱቄቱ ምንም አልፈየደም፣ ጀርሙን ያስገባው ፋሻውን የከፈተው እጅ ነው አለን ዶክተሩ። እኔ ጠያቂ እንዳይጠጋው በር ላይ ቆሜ ስከላከል፣ ያልታጠበ ጣት ገብቶበት!

ማን እንዳደረገው ሲጠየቅ መዝገቡ ራሴ ነኝ አለ። ቁስሉ ያለው መሀል ጀርባው ላይ ነው፤ ልጅዎ ደግሞ ሰው ካላገላበጠው በጎኑ እንኳ አይዞርም። እኔም ባሌን ውሸታም እንዳላሰኘው አፌን ዘጋሁ።

የቀኝ እግሩ ጣት መንቀሳቀስ ጀምሮ አልነበር? እልል ብለው ነበር። አሁን ቀጥ ብሏል። ይመለስ አይመለስ ዶክተሩም ቃል አልሰጠኝም። ያኔ ነፈጉን የተባለው መርፌ ግን ዛሬ ጠዋት ማታ ይወጋል፤ እንግዲህ ደስ ይበለን።

መዝገቡ ጉልበትዎን ይስማል። ደህና ነው በያት፣ ለፋሲካም እንዳትመጣ፣ መንገዱ ያደክማታል ብሎኛል። መንገዱ ድሮም ያው እንደነበር አላነሳሁበትም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ከእንግዲህ በጸሎት ብቻ ያግዙት።

የልጅዎ ሚስት