በአምስት ቁጥር ሊደርቅ ስለተቃረበው ኩሬያችን

ለክቡር የሕዝብ ባህል መለኪያ ተቋም ዋና ኃላፊ
ያንጎን

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም የቀዘቀዘ ይሁን እያልኩ ከሌትፓን ኮን መንደር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ በዚህ ሙቀት ደኅና ነን፤ እስካሁን የምንጠጣው ውሃ አለን። ደብዳቤዬም ስለዚሁ ስለ «እስካሁን» ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ባህላችንን ስለለኩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለአለቃ በመገዛት ከመቶ ሰማንያ አንድ አግኝተን ጎረቤት አገሮችን ሁሉ እንደበለጥን ከጥናትዎ አነበብኩ። ፊደል በገዳም ብቆጥርም የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ውጤት ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ/ ጠያቂዋን ማ ኪን ሌን መጠይቅዎን አስይዘው የላኩብን በቀትር ነው። ልጅቱ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ጃንጥላዋ ተሰብሮ ስትደርስ መንደሩ ሁሉ አዘነላት። ጎረቤቴ ዶ ንዌ የኮመጠጠ የሻይ ቅጠል በኦቾሎኒ አቀረበችላትና፣ «ከአንድ እስከ አምስት የቱ ይሻልሻል፣ ልጄ?» ስትል ጠየቀቻት። «አምስት በጣም እስማማለሁ ማለት ነው፣ አክስቴ።» «በይ እንግዲያው ሁሉንም አምስት አድርጊው! ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ደግሞ አንድ እንበልሽ?» በዚህ ዓይነት መንደሩ «ትልቅን ሰው መቃወም ነውር ነው» ለሚለው አምስት ሰጠ፤ «ማንም ሰው ሐሳቡን ያለ ፍርሃት ይናገራል» ለሚለውም አምስት ሰጠ። አናዴ የምንለው ይሉኝታችን ይኸው ነው፤ የእንግዳን ፊት ማሳፈር አይሆንልንም። እርስዎ ለልጅቱ ያዘንነውን ሐዘን ለክተው ሲያበቁ «ለአለቃ መገዛት» የሚል ስም አወጡለት።

፪ኛ/ እኔ አምስት አላልኩም። «ልጄ፣ ቁጥሩን ተዪውና ምክንያቴን ጻፊ» አልኳት። «አባባ፣ መጠይቁ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለችኝ። ከጥናትዎ ግርጌ «አንድ መላሽ ጥያቄው ስላልገባው ከስሌቱ ወጥቷል» የሚለውን ሳነብ ራሴን አወቅሁት። እንቢ ያለውን አንድ ሰው ካስወጡ በኋላ በመንደሩ እንቢ ባይ እንደሌለ ማረጋገጥዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

፫ኛ/ ይህ ሁሉ ብዕር ባላስነሳኝ ነበር። ነገር ግን የኩሬ ቁፋሮ መሥሪያ ቤቱ ጥናትዎን ይዞ፣ «ይህ ሕዝብ ከላይ የመጣለትን ይቀበላል፤ ስብሰባ አያስፈልግም» በማለት፣ በሚያዝያ ከምናከብረው የአዲስ ዓመት የውሃ በዓላችን ማግስት የመጠጥ ኩሬያችንን አድርቆ ሊቆፍር ነው። ዝናብ ከወር በላይ ይቀረዋል፤ የወንዙም ውሃ በዚህ ወቅት ባሕሩ ስለሚገባበት ጨው ነው። ቁፋሮውን አልጠላንም፣ ደለሉ መውጣት አለበት። የምንለው በመካከሉ የአፈር ግድብ ተሠርቶ ግማሹ ዘንድሮ፣ ግማሹ ለከርሞ ይቆፈር ነው። ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ እንዲነግሩት ጎረቤቶቼን ለመንኩ። ሰውየው ሲመጣ ግን ሁሉም «እሺ ጌታዬ፣ መልካም ነው ጌታዬ» አሉት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ዶ ፕዋ ክንዴን ቆንጥጣ፣ «አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ እንቢ ይባላል?» አለችኝ። ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ አንዲት መስመር እንዲጽፉልን በትሕትና እለምናለሁ፤ የዚህ መንደር እሺታ የጨዋነት እንጂ የፈቃድ አለመሆኑን ብቻ። ይህ የሚከብድዎ ከሆነ እስከ ዝናብ ድረስ ከእኛ ጋር ይቀመጡ። ሩዝና ዓሣ አናሳጣዎትም፤ ውሃዎን ግን ይዘው ይምጡ።

ዕድሜዎ እንደ ጥናትዎ ይርዘም፣ ጥማትም ደጃፍዎን አይርገጥ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ወገቤ እስከፈቀደልኝ) እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ኡ ፖ ሳን

ማስታወሻ፦ ይህን ሳልልከው የቁፋሮው መኪና ደረሰ። ሾፌሩን «ግማሹን ብቻ ትቆፍርልናለህ?» ብንለው «እሺ አባባ» አለ። የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነ እሺታውን አላመንኩትምና ወንበሬን ወስጄ ከመኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ዶ ፕዋ ልትጎትተኝ እየተቆጣች መጣች፤ በእንግዳ ፊት ባል መጎተት ነውር ሆነባትና አጠገቤ ቁጭ አለች። ጎረቤቶቻችንም ሁለታችንን ብቻችንን መተው ከብዷቸው ምንጣፋቸውን ይዘው እየመጡ ነው። ሾፌሩም በሽማግሌዎች ላይ ሞተር ማስነሳት አሳፍሮት ከእኛ ጋር ሻይ እየጠጣ ነው። ይህንንም ለመለካት ጠያቂ የሚልኩ ከሆነ፣ መቀመጫ ሳያልቅ ይላኩ።