የአባባ ፍሊፐር እና የአርጆ መንገድ

ነቀምቴ፣ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሚናስ ዘርትሁን
ጁባ

ውዴ ሚናስ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ሥራህስ፣ ጤናህስ? እኔና አባባ በሕይወት አለን፤ ጌታ ይመስገን። «አትደንግጥ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እኔ ራሴ እየተንቀጠቀጥኩ አንተን አትደንግጥ ማለት ምን ይሉታል? ስለዚህ የሆነውን እንዳለ እነግርሃለሁ።

ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ሰነባብቷል። ይህን ወረቀት ዋጋሪ፣ ያ ቡና የሚጭነው ጎረቤታችን፣ በበደሌ አድርጎ ጋምቤላ ያደርስልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አንተ ከሚሻገሩት ነጋዴዎች አንዱ ይሰጥሃል። በየኬላው ስለሚፈተሽ «የታጠቁ ሰዎች» ብቻ ብዬ አልፋለሁ። የየትኞቹ እንደሆኑ አትጠይቀኝ።

የአባባ ሰውነት ደህና ነው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ይወጣሉ። የከዳቸው ማስታወስ ነው። አንተ ስትሄድ ቁልፋቸውን የት እንዳስቀመጡ ነበር የሚረሱት። አሁን እናትህ መሞታቸውን ይረሳሉ፤ በነገርኳቸው ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚያለቅሱ መንገሩን ትቼዋለሁ። ቡና ቤታቸው መዘጋቱንም አያውቁም። ያልረሱት ፍሊፐሩን፣ ያን የብይ መጫወቻ ማሽን፣ ብቻ ነው። ቡና ቤቱ ሲዘጋ ሳሎን ውስጥ ሲያስገቡት «ይሄን ሬሳ ማን ይገዛልናል?» እያልን አብረን እናማው አልነበር? ዛሬ ጠባቂያችን እሱ ሆኗል። ምሳቸውን እንደበሉ ፊቱ ይቆማሉ፤ ሞላውን ስበው ይለቁታል፤ የብረት ብይዋ ወደ ላይ ወጥታ እየተንጓለለች ስትወርድ በሁለቱ መምቻዎች ይመልሷታል። እስኪመሽ እንዲህ ናቸው።

ማሽኑ ሲሠራ ቤት ይውላሉ። ሲበላሽ ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ ነው። «ወዴት ነው አባባ?» ስላቸው «አርጆ። ቀነአን ላምጣው» ይላሉ። ኦቦ ቀነአ፣ ማሽኑን ይጠግንላቸው የነበረው ሰው፣ ከሞተ ስንት ጊዜው! ቀብሩ ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ አንተ ነህ። የአርጆ መንገድ ደግሞ አንተ የምታውቀው መንገድ አይደለም። ከከተማው መውጫ ካለው ኬላ አልፎ የሄደ ሰው ሳይመለስ ሲቀር፣ የት ደረሰ ብሎ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

እና እኔ፣ የአማርኛ አስተማሪዋ ሚስትህ፣ መካኒክ ሆንኩልህ። መጀመሪያ የመምቻዎቹን ዘንግ ዘይት ቀባሁት፤ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጭራሽ አጣበቀው። አሁን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የማጸዳው። ጎማዎቹ ደርቀው ሲበጣጠሱ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀለበት እየቆረጥኩ አለብሳቸዋለሁ። ፑንቲናዎቹ፣ እየተነካኩ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት ብረቶች፣ ሲጠቁሩ በቀጭን ሞረድ ገረፍ ገረፍ አደርጋቸውና እንዳይራራቁም እንዳይጣበቁም በጥንቃቄ አጎብጣቸዋለሁ። ዝናብ ወለሉን ሲያነሳው ደግሞ የእግሮቹን ቡሎን በውሃ ልክ አስተካክላለሁ፤ ካላስተካከልኩ ብይዋ ወደ አንድ ወገን ታደላለች፣ አባባም ይቆጣሉ።

ማሽኑ ሲነቀነቅ ጨዋታውን የሚያቋርጥ፣ ከውስጥ የተንጠለጠለ ትንሽ ክብደት አለ፤ ታስታውሰዋለህ? ከባድ መኪኖች በሰፈራችን ሲያልፉ እሱ ይነካና መብራቱ ድርግም ይላል። ገና እኔ ሳልሰማ ማሽኑ ይሰማል። አባባ «ማነው የነቀነቀው?» ብለው ይጮሃሉ፣ እኔ መስኮት እዘጋለሁ። ክብደቱን ትንሽ ከፍ ባደርገው ዝም ይል ነበር። አላደረግኩትም። መምጣታቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ የፈራሁት መዶሻውን ነበር። ነጥብ ሞልቶ ነጻ ጨዋታ ሲገኝ ከሳጥኑ ውስጥ ጣውላውን የሚመታው ብረት። ጧ! ድሮ ቡና ቤት ውስጥ ሰው የሚያጨበጭብለት ድምፅ ዛሬ ሰፈሩን በሙሉ መሬት ላይ ያስተኛል። ጎረቤታችን አደ ደራርቱ አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ በፍርሃት ስታለቅስ ሰምቼ የቆዳ ቁራጭ ጣልቃ አስገባሁበት። አባባ ጆሯቸውን አቀኑ፣ ጠበቁ፣ «አልጮኸም፤ ተበላሽቷል» ብለው ኮታቸውን አነሱ። ቆዳውን በስስ ቀየርኩት። ጮኸ፤ እኔም ከፍርሃቴ ጋር ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ልምጣልህ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የማሽኑ መስታወት ወርዶ ግድግዳ ተደግፏል። የግራው መምቻ ቦቢና፣ ያ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ ከነገመዱ ተነቅሎ የለም። አባባም የሉም። አደ ደራርቱ ነጠላዋን ሳትለብስ ሮጣ መጣች፤ «ወደ ታች ሲወርዱ አይቻቸው ጠራኋቸው፤ አልዞሩም። ማል ጎና ኬኔ? ምን እናድርግ?» አለችኝ። ባጃጅ ያዝኩ። ባለባጃጁ ከድልድዩ ወዲህ አውርዶኝ «እህቴ፣ ከዚህ አላልፍም» አለና ዞሮ ሄደ። የቀረውን ሮጥኩ።

ኬላው ጋ ስደርስ አባባ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ተገፎ ወዲያ ተጥሏል። ከእሳቸው ራቅ ብሎ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ቦቢናው ብቻውን ጉብ ብሏል፤ ሁለት ሽቦ ወጥቶለት። ያን ጊዜ ነው በእነሱ ዓይን ያየሁት፤ ፈንጂ ነው የሚመስለው።

«ዻበዹ! ቁሚ!» አለኝ አንዱ መሣሪያውን አዙሮ። ጓዶቹ ሮብሳን ይሉታል፤ ጺሙ ሽበት ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው።

«አማቴ ናቸው። ይረሳሉ። ያ የመጫወቻ ዕቃ ነው፣ ወንድሜ፤ የፍሊፐር።»

«ለማን ነው የሚያደርሱት?»

አባባ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣ ደስ እንዳለው ሰው «ለቀነአ። አርጆ እየጠበቀኝ ነው» አሉ።

«ቀነአ ማነው?» አለ ሮብሳን ወደ እኔ ዞሮ።

«ሞቷል።»

«እሳቸው ይጠብቀኛል ይላሉ፤ አንቺ ሞቷል ትያለሽ። የማንን ልመን?»

«ቤት እንሂድ፤ ማሽኑን ላሳያችሁ» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፤ ታጣቂ ወደ ቤቴ መጥራቴን የገባኝ ፒክአፑ ላይ ከወጣን በኋላ ነው። አባባ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዘው «ኬኔ ልጄ፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ በመኪና ያደርሱናል» ይሉኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ መብራት የለም። ሮብሳን ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጫካ ሲያይ ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። «ሲሠራ አሳዪኝ» አለ። መበየጃውን ከሰል ላይ አግዬ፣ የተበጠሰውን የቦቢናውን ጫፍ በምላጭ ፋቅሁት። ስታኞውን፣ የመበየጃውን እርሳስ፣ አቅልጬ ክርኔን ጣውላው ላይ ተክዬ በየድኩት። ካቻቢቴዋ ደጋግማ ከጣቴ ወደቀች። ማንም አላነሳልኝም። ገጥሜ ስጨርስ የቀረው መብራቱ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔ አላመጣውም።

ጠበቅን። ሮብሳንና ጥቂቶቹ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው፣ ሌሎቹ በር ላይ ቆመው። አባባ እንግዳ የገባላቸው መስሏቸው ወገባቸውን ቀና አድርገው «ምን ልታዘዝ?» እያሉ እያንዳንዳቸውን ጠየቁ። አንደኛው ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ በልቤ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት ግን መብራት እንዲመጣ ይሁን እንዳይመጣ አላውቅም። ከመጣ መዶሻው አለ። አባባ ደግሞ ጎበዝ ናቸው፤ ነጥቡን መሙላታቸው አይቀርም። በር ላይ ያሉት ያን ድምፅ ከቤት ውስጥ ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ?

መብራቱ መጣ። የማሽኑ አምፖሎች ቦግ ሲሉ አባባ ቦታቸውን ያዙ። «ወንድሜ ሮብሳን» አልኩት፣ ስሙን እንዴት እንደጠራሁት አላውቅም፣ «ሲያሸንፉ ይጮሃል። ጥይት ይመስላል፤ አይደለም። እባክህ ውጭ ላሉት ንገራቸው።» ብይዋ መምቻዎቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ቁጥሩ ይዞራል። በመጨረሻ ሮብሳን ተነስቶ በሩ ላይ ቆመና «ድምፅ ትሰማላችሁ። ማንም እንዳይተኩስ!» ብሎ ጮኸ።

ጧ!

ውጭ የአንዱ መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁት። ከዚያ ምንም። አባባ ብቻ «ነጻ አገኘሁ!» ብለው ዞረው ሳቁልን።

ሮብሳን ላቡን ጠረገ። «ይህን ነገር ንቀይው» አለኝ። እዚያው ፊቱ መዶሻውን ፈትቼ ሰጠሁት፣ በኪሱ ከተተው። ሊወጣ ሲል ቀስ ብሎ የነገረኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ «እህቴ፣ ነገ ኬላው ላይ ሌላ ሰው ነው የሚቆመው። እሱ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።»

ከሄዱ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አደ ደራርቱ ናት ያነሳችኝ።

በማግስቱ አባባ አሸነፉ፣ ጠበቁ፣ ድምፅ የለም። «ተበላሽቷል» ብለው ወደ ኮታቸው ሲሄዱ «አባባ፣ መዶሻውን ኦቦ ቀነአ ወስዶታል። ሠርቶ ራሱ ያመጣዋል። ከቤት እንዳይወጡ ብሏል» አልኳቸው። ቆሙ። «ራሱ ይመጣል?» አሉ። «ራሱ።» ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉት። እስካሁን አልወጡም። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ደስ ብሏቸው ሊከፍቱ ይነሳሉ፤ እኔ ደግሞ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ እስካውቅ እጃቸውን እይዛቸዋለሁ። እኔ ስወጣ አደ ደራርቱ አብራቸው ትውላለች። የግቢውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ማሽኑን በየጠዋቱ ከፍቼ እያንዳንዷን ቡሎን እነካካለሁ። አንዷ እንዳትላላብኝ።

እንድትመጣ እንዳልጽፍልህ ለራሴ ምዬ ነበር የተቀመጥኩት። ብዙ ጊዜ ጽፌው ሰርዤዋለሁ፤ የተሰረዘውን ብርሃን ላይ ይዘህ አትመልከተው።

ይህን ስጽፍ አባባ ጨዋታቸውን አቁመው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለሚናስ» አልኳቸው። «ሚናስ ማን ነው?»

ሚናስ፣ ይህን ብደብቅህ ይሻል ነበር፤ ግን ከነገርኩህ ሁሉ ይህኛው የአንተ ነው።

«ያገባኝ ሰው ነው» አልኳቸው።

«ደግ ነው?»

«በጣም።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

«መንገዱ ነው፣ አባባ።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «እንግዲያስ አትምጣ በይው» አሉኝ። «አባቱ ቢኖሩ እሳቸውም አይፈቅዱለትም።»

የመረጥኩህ፣ የማልተውህ፣ ጌታ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። በባዕድ አገር ያሉ ሰዎች እንደ ወንድም ይዩህ። እንቅልፍህ የሰላም ይሁን፤ የእኛንም ሰላም ያሰማህ።

አንተን ብቻ የምትል
ኬኔ